የጉብኝት ምክንያት

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ልጄ ነው» አለች ኤርሚኒያ።

የድንበር ኬላው ፈታሽ እጇን ከዳቦው ላይ ቶሎ አነሳች። ዳቦው በሰው ቅርጽ የተጋገረ ነው፤ ክንድ ያህላል። ሁለት እጆቹን ደረቱ ላይ አጥፏል፤ ፊቱ ከጀሶ የተሠራ ሲሆን ቅንድብ፣ ቀይ ከንፈርና ትንሽ ጥቁር ባርኔጣ ተስሎለታል። ኤርሚኒያ ከቦሊቪያ ከተማ ከኦሩሮ ጀምራ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንዳይበርደው ይመስል በፎጣ ጠቅልላ ነው ያመጣችው። አውቶቡሱ በነጠረ ቁጥር ጭንቅላቱን በመዳፏ ትደግፈው ነበር።

ከኋላዋ የቆመችው ፌሊሳ በቁሟ ደረቀች።

«ዳቦ ነው በይ እንጂ አበልጄ!» አለቻትና ለፈታሿ ያላትን ፈገግታ ሁሉ አወጣች። «ዳቦ ነው የኔ እመቤት። ለነፍሳት ቀን የሚጋገር የበዓል ዳቦ። እሷ አነጋገሯ እንዲህ ነው፤ ምንም ክፋት የለባትም።»

«ዳቦው ይለፍ። ይሄ ግን አያልፍም።» ፈታሿ ከዘንቢሉ ውስጥ ከነአረንጓዴ ቅጠሉ የታሰረ ሽንኩርትና ሁለት ዘንግ ሸንኮራ አገዳ አወጣች። «ትኩስ አትክልት ወደ ቺሌ አይገባም። ተባይ ያመጣል።»

«ሽንኩርቱን እንኳ ተዪልኝ። ውሃ በምን ሊጠጣ ነው?»

«ማን?»

«ልጄ ነዋ! የሽንኩርቱ ቅጠል ውስጡ ባዶ አይደል? ውሃ የሚይዙት በሱ ነው። አገዳውም ምርኩዙ ነው፤ መንገዱ ሩቅ ነው።»

ፈታሿ ከታች ከባሕሩ ዳር የመጣች ወጣት ናት። የደጋው አየር ራሷን እንደሚያዞራት ከዓይኗ ያስታውቃል፤ ስለ ሙታን ጥማት ለመስማት ትዕግሥት አልነበራትም። ሽንኩርቱንም አገዳውንም ሰማያዊው በርሜል ውስጥ ወረወረችው። አገዳው የበርሜሉን ወለል ሲመታ ኤርሚኒያ ሰው የወደቀ መሰላትና ደነገጠች።

እኛ ዘንድ ሙታን በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣሉ። በነፍሳት ቀን ዋዜማ እኩለ ቀን ላይ ይገባሉ፤ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ይሄዳሉ፤ ቢለምኗቸው አንዲት ደቂቃ አይጨምሩም። አዲስ ለሞተ ሰው ሦስት ዓመት ገበታ ይዘረጋለታል። በሦስተኛው ዓመት በደንብ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ተጸልዮለት ይሸኛል። ከዚያ በኋላ ቦታውን ይይዛል፤ የቀሩትንም ሰዎች አያስጨንቅም። ዘንድሮ ለኤርሚኒያ ልጅ ለዊልሜር ሦስተኛው ነበር።

ያለፉትን ሁለት ዓመታት ኤርሚኒያ ገበታውን ኦሩሮ ቤቷ ዘረጋች። ጎረቤት መጣ፣ ጸለየ፣ በላ፣ ሄደ። ዊልሜር ግን አልመጣም። እንዴት አወቀች አትበሉኝ፤ እናት ናት። ለሟች ባሏ የምታስቀምጠው ብርጭቆ በማግስቱ ጎድሎ ነው የሚገኘው፤ ሰውየው በቁሙም መጠጥ ይወድ ነበር። የልጇ ብርጭቆ ግን ሁለቱንም ዓመት እንደሞላ አደረ። አጠገቡ የበራው ሻማ እንኳ አልተወዛወዘም።

ከዚያ ወዲህ ሕልም ያዛት። ሁልጊዜም ያው ሕልም ነው። ዊልሜር የኬላውን መንገድ ከሚዘጋው ቀይና ነጭ አግዳሚ ማዶ ቦርሳውን አንግቶ ቆሟል። ና ስትለው፣ «እማ፣ ወረቀት አምጣ አሉኝ» ይላታል። ዘንድሮ ደግሞ በቀንም ጀመራት። ገበያ ላይ የምትሸጠውን የደረቀ ድንች ለመመዘን ጎንበስ ስትል ከጆንያው ፊት ለፊት ሁለት ጫማ ታያለች፤ ሲሚንቶ የጠጣ፣ ማሰሪያው የላላ የሥራ ጫማ። ቀና ስትል ማንም የለም። ለማንም አልተናገረችም። መዘንኩ ብላ የምትረሳው፣ መልስ የምታዛባው ግን ለዚህ ነበር።

የልጇን መቅረት ምክንያት በራሷ መንገድ ደርሳበታለች። ዊልሜር ቺሌ የገባው በኬላው አልነበረም፤ ጨው ሜዳውን አቋርጦ፣ ሰው በማያይበት በኩል ነው። ኢኪኬ በምትባል የቺሌ ወደብ ከተማ ፎቅ ሲሠራ ከመወጣጫው ወድቆ ሞተ። አሠሪው ስሙን እንኳ አያውቅም ነበር። አስከሬኑን ወደ አገር ማምጣት የማይታሰብ ስለነበር የሥራ ጓደኞቹ አዋጥተው እዚያው ቀበሩት። ያለ ማህተም የገባ ሰው ደግሞ ያለ ማህተም ለመውጣት ይፈራል። ሞቶም ቢሆን ይፈራል፤ ልጇን ታውቀዋለች፣ ድሮም ፖሊስ ሲያይ መንገድ የሚቀይር ልጅ ነበር። እሱ መምጣት ካልቻለ እሷ ትሄዳለች። ያሰበችው ይህንኑ ብቻ ነው። በሦስተኛው ዓመት ካልተሸኘ የሚሸኘው የለም፤ ቦርሳውን እንዳነገተ፣ እንደተጠማ እዚያው ቆሞ ይቀራል።

ፌሊሳ ልባሽ ጨርቅ ነጋዴ ናት። በየወሩ ወደ ኢኪኬ ትወርዳለች፤ የኬላውን ሰዎች ከነጠባያቸው ታውቃቸዋለች። ዊልሜርን ክርስትና ያነሳችውም እሷ ናት። አውቶቡስ ውስጥ መንገዱን ሙሉ አበልጇን ስታስጠና ነው የመጣችው።

«ስሚኝ፣ ለአጭር ጊዜ ከሆነ ቪዛ አይጠይቁም፤ መታወቂያሽ ይበቃል። የሚጠይቁት ምክንያት ነው። ምክንያት ደግሞ ሲያጥር ነው የሚያምረው። ‹ገበያ› በይ፣ በቃ። ‹የት ታድሪያለሽ?› ካሉሽ የሆቴሉ ወረቀት እኔ ጋ አለ፤ ሁለታችንንም አስመዝግቤያለሁ። ‹መቼ ትመለሻለሽ?› ካሉሽ ‹ነገ ማታ›። ስለ ሙታን ትንፍሽ እንዳትዪ።»

«በዛሬው ቀን ልዋሽ?»

«ገበያ ምኑ ነው ውሸት? አንድ ካልሲ ገዝተሽ ተመለሺ፤ እውነት ይሆንልሻል።»

ኤርሚኒያ አልሳቀችም። በዚያን ቀን ሙታን መንገድ ላይ ናቸው፤ የሚነገረውን ሁሉ ይሰማሉ። እናቱ ኬላ ላይ ቆማ ለገበያ ነው የመጣሁት ስትል ቢሰማት ምን ይላል?

መስኮቱ ጋ የተቀመጠው መኮንን ጉንጩን ፀሐይ ያከሰለው ወጣት ነው። ደረቱ ላይ ‹ቻያፓ› የሚል ስም ተለጥፏል። መታወቂያዋን ተቀብሎ አየውና በትሕትና ጠየቃት።

«እንደምን ዋሉ እማማ። የጉብኝትዎ ምክንያት?»

ገበያ ልትል ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ከመኮንኑ ራስ በላይ የተሰቀለው ሰዓት ግን እኩለ ቀን ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ልጇ ይሄኔ ተነስቷል።

«ልጄን ልጠይቅ ነው።»

ከኋላዋ ፌሊሳ ሳል ያዛት።

«ልጅዎ ቺሌ ነው የሚኖረው?»

«አዎ፣ ኢኪኬ።»

«የመኖሪያ ፈቃድ አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ ማን ነው የሚቀበልዎት?»

«እሱ ነዋ። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ይገባል፣ ነገ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ይሄዳል። እስከዚያ አብሬው ልሁን ብዬ ነው።»

«ከየት ነው የሚገባው?»

«እሱን እኔም አላውቀው ልጄ።»

ቻያፓ ቀና ብሎ አያት። የምታሾፍበት ሴት አትመስልም።

«ሙሉ ስሙን ይንገሩኝ።»

«ዊልሜር ቾኬ ፓኮ።»

ጻፈ፤ ጠበቀ፤ ፊደሉን ለውጦ እንደገና ጻፈ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

«እማማ፣ እንዲህ የሚባል ሰው አገራችን ገብቶ አያውቅም።»

ኤርሚኒያ የመስኮቱን ደፍ ያዘች። ልጇ መሞቱን የነገሯት ቀን እንኳ እንዲህ አልሆነችም፤ ያን ቀን ቢያንስ የሞተ ሰው ነበራት።

«ገብቶ አያውቅም ነው ያልከው?» ድምጿ ከፍ አለ። «ሲሚንቶ የተሸከመው የት ሆኖ ነው? የወደቀውስ ከማን ፎቅ ላይ ነው? መቃብሩ እኮ እዚያ ነው!»

ፌሊሳ መሬት ብትውጣት በወደደች። ቻያፓ እጆቹን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳና በፎጣ የተጠቀለለውን ዳቦ፣ ብቅ ያለውን ትንሽ ጥቁር ባርኔጣ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ስንተኛ ዓመቱ ነው?» አላት።

ይህን የኬላ ሰው አይጠይቅም። ይህን የሚጠይቅ ገበታ ሲዘረጋ ያደገ ሰው ብቻ ነው። ኤርሚኒያ ስሙን እንደገና አየችው። የደጋ ሰው ስም ነው፤ መኮንኑ ከወዲያ ማዶ ካለው ደጋ ነው፤ የነሱው ወገን ነው፤ ድንበሩ መሐል ገባ እንጂ።

«ሦስተኛው» አለች።

«የኔ አባት ሁለተኛው ነው። እናቴ ይሄኔ እየዘረጋች ነው፤ እኔ የሥራ ተራ ደርሶብኝ ቀረሁ።» ወደ ጎን ገልመጥ አለ። «ይስሙኝ እማማ። ሰው ልጠይቅ ነው ካሉ ያ ሰው መዝገብ ላይ መኖር አለበት። እሱ የለም። የሞተ ሰው ደግሞ እንግዳ አይቀበልም፣ ደንቡ እንደዚያ ነው። እስካሁን ምንም አልጻፍኩም። እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ትንሽ ይቀመጡና እንደገና ይሰለፉ፤ ሌላ ምክንያት ይንገሩኝ። የፈለጉትን ይበሉኝ፣ አሳልፍዎታለሁ። ይሄንን ከጻፍኩት ግን ክልከላ ነው። ስምዎ እዚህ ይያዛል፤ ለብዙ ዓመት አይገቡም።»

አግዳሚ ወንበሩ ከቢሮው ውጭ፣ ነፋስ ላይ ነበር። ፌሊሳ ሻርቧን አገጯ ድረስ ስባ ገና ሳትቀመጥ ጀመረች።

«ምን ዓይነት እድል ነው ያለሽ! ሌላው ቢሆን ያን ጊዜውኑ ያባርርሽ ነበር። አሁን ተነሺና ግቢ፣ ‹ገበያ› በይ፣ እንሂድ። እስክንደርስ ይመሻል፤ ነገ በማለዳ መቃብሩ ጋ ነን። ምን ቸገረሽ?»

«እሱም እዚሁ መስኮት ጋ ነበር የቆመው።»

ፌሊሳ አሁን ተቀመጠች።

«እዚሁ መስኮት ጋ» አለች ኤርሚኒያ እንደገና። «‹አክስቴን ልጠይቅ› አለ። የሌለች አክስት። ‹አድራሻዋ የት ነው?› ሲሉት ቃል ጠፋው፤ ስሙን እንኳ ሳይጽፉ መለሱት። ያን ቀን ቢያሳልፉት ኖሮ በጨው ሜዳው ባልሄደ፤ ወረቀት ቢኖረው ኖሮ አሠሪው ያለ ገመድ ፎቅ ላይ ባልሰቀለው።»

ያችን አክስት የፈጠረችው ፌሊሳ ነበረች። ሁለቱም ያውቃሉ። ሦስቱን ዓመት አብረው ሲያለቅሱ፣ አብረው ሲጋግሩ፣ አብረው ሲበሉ አንድም ቀን አላነሱትም።

«በይው እንግዲህ» አለች ፌሊሳ። «አፍሽ ባይለውም ዓይንሽ ሲለው ነው የኖረው። እኔ ገደልኩት፣ አይደል? አድራሻ ይጠይቁታል ብዬ አላሰብኩም! ያን ጊዜ ማንንም አይጠይቁም ነበር። እንዲያልፍ ብዬ ነው አበልጄ። የክርስትና እናቱ ነኝ እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ ለምን ትገርፊኛለሽ?»

«እየገረፍኩሽ አይደለም። ብጠላሽ ኖሮ ዛሬ ካንቺ ጋር እመጣ ነበር?» ኤርሚኒያ የፌሊሳን እጅ ሳብ አድርጋ ከዳቦው ጋር ጭኗ ላይ አሳረፈችው። እጁ ቀዝቅዞ ነበር። ለረጅም ጊዜ ልትለው የፈለገችውን ስላለችው ደረቷ ትንሽ ቀለላት፤ ግን ደግሞ አፈረች።

ከወዲህኛው መንደር ደወል ተሰማ። እኩለ ቀን ሆነ። በቦሊቪያ በኩል የተሰለፉት የጭነት መኪና ሾፌሮች አንድ በአንድ እየወረዱ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ አንዱ ለምድሪቱ መጠጥ አፈሰሰ። በመስኮቱ ውስጥ ቻያፓም ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ጓዶቹ ሞቆት መስሏቸዋል።

ኤርሚኒያ መንገዱን ወደዘጋው አግዳሚ አየች። ቀይና ነጭ ነው። ከሱ ማዶ፣ በቺሌ አፈር ላይ፣ አንድ የጭነት መኪና ቆሟል። ከመኪናው ሆድ ሥር፣ ከወዲያ በኩል፣ ሁለት ጫማ ታያት። ማሰሪያው የላላ፣ ሲሚንቶ የጠጣ። ጫፋቸው ወደሷ ዞሯል። የሾፌሩ ጫማ ነው ትሉ ይሆናል፤ እኔም እንዲያ ብል ደስ ባለኝ። የዚያ መኪና ሾፌር ግን ከመኪናው ወዲህ በኩል ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆሞ ነበር። ጸሎቱን ጨርሶ ሄደ፣ ገባ፣ መኪናውን ነዳው። መኪናው ከቦታው ሲነሳ መንገዱ ባዶ ነበር።

«ምን አየሽ?» አለች ፌሊሳ።

«መጥቷል» አለች ኤርሚኒያ። «እዚህ ድረስ መጥቷል። ማለፍ ነው ያቃተው።»

አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ፈርታለች፤ ሐሳቧ ግን ከጠዋቱ ይልቅ የጠራ ነበር። ዳቦውን ማንም ሊያደርስለት ይችላል። ጸሎቱንም ማንም ይጸልይለታል። ነገ እኩለ ቀን ላይ ግን ለሁልጊዜው ይሄዳል፤ በሚሄድበት ደጃፍ ደግሞ ከየት መጣህ የሚለው አይጠፋም። ምን ብሎ ይመልሳል? ሲሚንቶ የተሸከመላት አገር ገብቶ አያውቅም ትላለች።

ፎጣውን ጠበቅ አድርጋ ጠቀለለችና ዳቦውን ፌሊሳ ጉያ ውስጥ ከተተችው።

«አንቺ ግቢ።»

«አንቺስ?»

«ኢኪኬ ስትደርሺ መጀመሪያ ገበያ ሂጂ። ሽንኩርት ግዢ፤ ከነቅጠሉ፣ ረዥም ረዥሙን። አገዳም ግዢ። ውሃውን በትልቅ ብርጭቆ አድርጊለት። ዳቦውን ከራስጌው አስቀምጪ፤ ፊቱ ወደ ሰዎቹ ይሁን፣ ወደ መስቀሉ አይደለም። እኩለ ቀን ሲሆን ሂድ በይው። ‹እናትህ ሂድ ብላለች› በይው፤ ካለበለዚያ እሺ አይልም።»

«አብደሻል! መኮንኑ አሳልፍሻለሁ እያለ! አንዲት ቃል ናት እኮ!»

«እወቂልኝ ፌሊሳ። አንቺን ሲያይ ደስ ይለዋል። እኔ ሌላ ሥራ አለብኝ።»

ፌሊሳ ትከሻዋን ያዘቻት፣ ለመነቻት፣ ተቆጣቻት። መጨረሻ ላይ ዳቦውን እንደ ሕፃን አቅፋ ከኋላዋ ተሰለፈች። ተራው ሲደርስ ቻያፓ ኤርሚኒያን በዓይኑ እየለመናት ነበር።

«እሺ እማማ። የጉብኝትዎ ምክንያት?»

«ክልከላውን ስትጽፍ ምክንያቱ ይጻፋል?»

«ያ ግዴታ ነው።»

«ልጠይቀው የመጣሁት ሰው ስምስ?»

መኮንኑ ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ ዞር አደረገው።

«ይጻፋል» አለ። «ስሙም፣ የሚገኝበት አድራሻም።»

«እዚያው ማሽኑ ውስጥ ይቀራል? የናንተ አገር ማሽን ውስጥ?»

«አይጠፋም።»

«እንግዲያው ልጄን ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ጻፈው፤ ወረቀት ሲሉት የሚያሳየው ይኑረው።»

«እማማ፣ ከጻፍኩት መመለሻ የለውም። መቃብሩን ሳያዩ ይቀራሉ። ለዓመታት።»

«ከነገ በኋላ እሱም እዚያ የለም» አለችው። «ማንን ብዬ እመጣለሁ?»

ፌሊሳ ከኋላዋ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ቻያፓ ኮፍያውን እንዳወለቀ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ።

«ስሙን ይድገሙልኝ። ቀስ ብለው።»

ኤርሚኒያ ግን ቀስ ብላ አልተናገረችም። ፊቷን ከመስኮቱ ወደ ቀይና ነጩ አግዳሚ መልሳ፣ ገበያ ላይ ሩቅ ያለ ሰው እንደምትጠራ፣ በሙሉ ድምጿ «ዊልሜር ቾኬ ፓኮ!» አለች። ሾፌሮቹ ዞረው አዩ። ፈታሿም ከበርሜሏ ቀና አለች። ቀጥሎ አድራሻውን ሲጠይቃት የመቃብር ቦታውን ስም ነገረችው፤ ከኮረብታው ሥር ያለውን ረድፍ፣ ጓደኞቹ ሰማያዊ ቀለም የቀቡትን የእንጨት መስቀል ሳይቀር ነገረችው። ቻያፓ አንዱንም ሳይዘል ጻፈና አነበበላት።

«ትክክል ነው?»

«ትክክል ነው» አለችና እስክሪብቶውን ተቀብላ ‹እንዳይገቡ ተከልክለዋል› ከሚለው ሥር ፈረመች።